ጥሩንባ ነፊው ገዳይ አይደለም

(ደብረ ብርሃን ላይ የእድር አባላት፣ ወላጆችና ተማሪዎች በተገኙበት የጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር። ከተቀዳው ድምፅ ላይ እንዳለ ተገልብጧል።)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወንበር ሞልቶባችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎችም ጭምር፣ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ደም ስቀዳና ስመረምር ኖሬያለሁ። እናንተ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ትገባላችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ ወደ እኔ መስኮት ትመጣላችሁ። ክንዳችሁን ትዘረጋላችሁ። ከዚያ በኋላ ደማችሁ ወዴት እንደሄደ አታዩም። የምታገኙት ወረቀት ብቻ ነው። ዛሬ የመጣሁት ከመስኮቱ ጀርባ ይዣችሁ ልገባ ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲአርፒ ይባላል። ሲዘረዘር ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው። በሁላችንም ደም ውስጥ አለ። በጤናችን ጊዜ ጥቂት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ብግነት ሲነሳ ይበዛል። ብግነት ስል ምን ማለቴ ነው? እጃችሁን እሾህ ወግቷችሁ ያውቃል? በማግስቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያተኩሳል፣ ይጠዘጥዛል። ያ ነው ብግነት። ቆዳ ላይ ሲሆን በዓይን ይታያል። ሳንባ ውስጥ፣ አንጀት ውስጥ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን ግን ማን ያየዋል?

ሶስት ነገር ልነግራችሁ አስቤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ይህ ፕሮቲን ምንድን ነው፣ እንዴትስ ተገኘ? ሁለተኛ፣ የሚሠራበት ትእዛዝ፣ ማለትም ጂኑ፣ የት ነው ያለው? ሶስተኛ፣ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፎ ሲመጣ እንዴት ይነበባል? ከሁሉም በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

አንድ አባት ከመንዝ በኩል መጡ። በርኖስ ደርበዋል። ከበርኖሳቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ፌስታሉን ሲፈቱት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ከመክረሙ የተነሳ በእጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። ሌላ ቦታ ተመርምረው የተሰጣቸው ውጤት ነው። «ሲአርፒ» ይላል፤ ከጎኑ «ፖዘቲቭ» ይላል። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።

«እንደው ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ ሲአርፒ የሚሉት በሽታ መድኃኒት ተገኝቶለታል? ለልጆቼ ሳልነግር ሶስት ወር ይዤው ከረምኩ።»

ሶስት ወር! አስቡት እስቲ። ፖዘቲቭ የሚለውን ቃል እኛ አገር ያስተዋወቀን ኤችአይቪ ነው። እኚህ አባት ሶስት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ኑዛዜያቸውን ሲያወጡና ሲያወርዱ ከረሙ። ሁለት በግ ሸጠው፣ ከፋርማሲ ሶስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ገዝተው ውጠዋል። «አባባ፣ ሲአርፒ የበሽታ ስም አይደለም» አልኳቸው። አላመኑኝም። «ታዲያ ለምን ፖዘቲቭ ተባልኩ?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። መልሱን አስቀድሞ ሊነግራቸው የሚገባ ሰው ነበር፤ አልነገራቸውም።

የእሳቸውን መጨረሻ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አንደኛው ነገር፣ ፕሮቲኑ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1930 ነው። ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት። ኒውዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ተቋም ሆስፒታል ዊልያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሳንባ ምች ሕመምተኞችን ይከታተሉ ነበር። ፔኒሲሊን ገና በሐኪም እጅ አልገባም። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች የምታመጣውን ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስን፣ አካሏን በየክፍሉ ለያዩት። ከክፍሎቹ አንዱን ሲ አሉት። ከዚያ ከሕመምተኛው ደም ቀዱ። ደም ሲረጋ ከላይ የሚጠልል ቢጫ ውሃ አለ፤ ሴረም እንለዋለን። ሴረሙን ከዚያ ከሲ ክፍል ጋር ሲቀላቅሉት ደፈረሰ። ዝቃጭ ሠራ። ያው ሰው ከዳነ በኋላ ደሙን ቀድተው ደግመው ሲሞክሩ ግን አልደፈረሰም። ሕመሙ ሲጠና አለ፤ ሰውየው ሲሽለው የለም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። መንዝ ውስጥ ጎረቤት ታሞ፣ አተኩሶት፣ ጎኑን ሲወጋው እሷ ትጠራለች። አጠገቡ ትቀመጣለች። ቀን ትቆጥራለች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በሰባተኛው ሌሊት ገደማ የታመመው ሰው በላብ ከታጠበ፣ ግንባሩን በመዳፏ ዳብሳ «አላበው፤ ተረፈ» ትላለች። ያን ጊዜ ነው ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚተነፍሰው። የሳንባ ምች ያለ መድኃኒት ሲለቅ ልክ እንደዚያ ነው የሚለቀው፣ በሳምንት ገደማ፣ በላብ። እነ ቲሌት በብልቃጥ ያዩትን መመለስ አያቴ በመዳፏ ታውቀው ነበር። ይህን የምለው ሳይንሱን ላሳንስ አይደለም። ብልቃጡ ያመጣልን ትልቅ ነገር አለ፤ ቁጥር አመጣልን። መዳፍ ቁጥር የለውም።

ፕሮቲን መሆኑ ተረጋግጦ ስም የወጣለት በ1941 ነው። እዚህ አገር አርበኞቻችን ከስደት ከተመለሱት ንጉሥ ጋር ነፃነትን ባዩበት ዓመት መሆኑ ነው። እዚያው ሮክፌለር፣ ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ ናቸው። ኤቨሪ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እንፈልገዋለን።

መልኩስ ምን ይመስላል? አምስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ሲቆሙ አስቡ። አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ መንታም እንዲህ አይመሳሰልም። እያንዳንዳቸው ከ206 አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ናቸው። ክቡ ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ በካልሲየም እየታገዘ ፎስፎኮሊን የሚባል ነገር ይይዛል። ፎስፎኮሊን ኒሞኮከስን በመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ገላ ላይ አለ፤ በተጎዱና በሞቱ የራሳችን ሴሎች ላይም ይጋለጣል። በሌላኛው ፊቱ ደግሞ እርዳታ ይጠራል። በሽታ ተከላካዮቻችንን «ኑ፣ እዚህ ጋ ነው፣ ይህን አንሱ» ይላቸዋል። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መጣራት ማለት ነው።

አሁን ስለ እድራችን ላውራ። እዚህ ያላችሁት የእድር አባላት ናችሁና ትረዱኛላችሁ።

ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባ ይነፋል። ሁላችንም ከእንቅልፋችን እንነቃለን። መጀመሪያ የሚሰማን ምንድን ነው? ድምፁ ነው። ስሙ አይደለም። ከሩቅ ሲነፋ አንድ ነገር መከሰቱን ብቻ እናውቃለን። ማን ነው? ከየትኛው ቤት ነው? ይህን ለማወቅ በር ከፍተን መውጣት፣ ጥሩንባ ነፊው ቀርቦ ሲጣራ ማዳመጥ አለብን። ሲአርፒ ያ የሩቁ ድምፅ ነው። አንድ ነገር ተከስቷል ይላል። የት እንደሆነ አይናገርም። ማን እንዳደረሰውም አይናገርም።

ደግሞ አስተውሉ። የእኛ ሰፈር ጥሩንባ ነፊ ነፍቶ ወደ ቤቱ አይገባም። ረፋድ ላይ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ የምታገኙት እሱን ነው። ሲአርፒም እንደዚያው ነው። ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛም ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ጂኑ ልሂድ። ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

ኤቨሪን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ያው ኤቨሪ ከማክሌዎድና ከማካርቲ ጋር በ1944 አንድ ነገር አሳየ። የዘር ትእዛዝ የተጻፈው በዲኤንኤ ላይ መሆኑን። በምን ላይ ሠርተው ይመስላችኋል? በዚያችው በሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ በኒሞኮከስ ላይ! የሲአርፒ ፕሮቲን ስም የወጣበት ቤትና ጂን ከዲኤንኤ የተሠራ መሆኑ የታየበት ቤት አንድ ነው። ሥራውን የጀመሩት የታመመ ሰው ለማዳን ብለው ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር እገረማለሁ።

ዲኤንኤ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ዘንግ ክሮሞዞም ይባላል። የሲአርፒ ጂን የሚገኘው በክሮሞዞም 1 ረጅም ክንድ ላይ ነው። አጭር ጂን ነው። ፊደሉ ከነመላው ተነብቦ የታተመው በ1985 ነው። ከእናታችን አንድ፣ ከአባታችን አንድ ቅጂ ይዘን ተወልደናል። ከጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ አለ። ሁሉም ግን አይጠቀምበትም። ዳዊት በማኅደሩ አንግቶ የሚሄድ ብዙ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ሴሎቻችንም መጽሐፉን ሁሉም አንግተውታል። ይህን ምዕራፍ ገልጦ የሚያነበው ግን በዋናነት የጉበት ሴል ነው።

መቼ ነው የሚገልጠው? ጉዳት የደረሰበት ቦታ ያሉ ተከላካይ ሴሎች መልእክተኛ ይልካሉ። ዋናው መልእክተኛ ኢንተርሉኪን 6 ይባላል። በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል። ጂኑ ይነቃል። ጉበት ፕሮቲኑን ማምረት ይጀምራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሾህ የወጋው እግር ይሁን፣ የታመመው ሳንባ ይሁን፣ ጥሩንባው የሚነፋው ያው ጉበት ውስጥ ነው። «ሲአርፒ ከፍ ብሏል፤ ታዲያ ምኔ ጋ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልስ የማልሰጣችሁ ለዚህ ነው። ድምፁ ሁልጊዜ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው።

ፍጥነቱ ያስደንቃል። ጉዳቱ በደረሰ በ6 ሰዓት ገደማ መጨመር ይጀምራል። በሁለት ቀን ገደማ ጫፍ ይደርሳል። ከነበረበት እስከ 1000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መልእክተኛው ሲቀር ደግሞ በየ19 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ 19 ሰዓት በሕመምም በጤናም ያው ነው። ስለዚህ ደማችሁ ውስጥ ያለው መጠን የሚናገረው ጉበት በዚያ ጊዜ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ነው። በዚያው ልክ ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ታሞም ሲአርፒው ላይጨምር ይችላል። ጥሩንባ ነፊው ራሱ ታሟላ!

አሁን ወደ ርእሴ ደረስኩ። ጥሩንባ ነፊው ገዳይ አይደለም ያልኩት ለምንድን ነው?

ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በጤናቸው ጊዜ እንኳ ሲአርፒያቸው ትንሽ ከፍ የሚል ሰዎች አሉ። በሽተኛ አይደሉም፤ ቁጥሩ ግን ከ3 ሚሊግራም በሊትር በላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ውለው አድረው የልብ ሕመም ይበዛባቸዋል። ታዲያ «ፕሮቲኑ ራሱ ነው የደም ሥር የሚያበላሸው» የሚሉ ተነሱ። እውነት ይመስላል አይደል? ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ሰው ሞቶ ይገኛል፤ እንግዲያው ነፊው ነው የሚገድለው እንደማለት ነው።

እንዴት ይጣራ? መልሱ ከጂኑ መጣ። ከሰው ሰው በሲአርፒ ጂን አካባቢ የፊደል ልዩነት አለ። በዚህ ልዩነት ምክንያት ሲወለዱ ጀምሮ ሲአርፒያቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ሰዎች አሉ። ሲጋራ ስላጨሱ አይደለም፤ ስለወፈሩም አይደለም። የወረሱት ነው። ፕሮቲኑ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲመረዙ ኖረዋልና የልብ ሕመም ሊበዛባቸው ይገባ ነበር። በ2011 የወጣ ከ190 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ይህን ተመለከተ። አልበዛባቸውም። ከሌላው ሰው እኩል ናቸው። ድምፁ የጎላ ጥሩንባ ይዘው ተወለዱ እንጂ ሌላ ምንም አልሆኑም።

እሳቱ፣ ማለትም ብግነቱ፣ ግን እውነት ነው። በ2017 ውጤቱ የታወቀ ሌላ ሙከራ አለ። ቀድሞ የልብ አደጋ (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው ከነበሩ 10 ሺህ ያህል ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። የሰጧቸው መድኃኒት ሲአርፒን በቀጥታ አይነካም። ከሲአርፒ በላይ ያለውን፣ ብግነቱን የሚቀሰቅሰውን ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለውን መልእክተኛ ነው የሚያስረው። ድጋሚ የልብ አደጋው በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዋጋ ግን አስከፈለ፤ በኢንፌክሽን የሚሞቱት ጨመሩ። ብግነት ጠላት ብቻ አይደለም፣ ጠባቂም ነውና።

ይህ ለምን ይጠቅመናል ትሉ ይሆናል። ይጠቅመናል። ብዙ ሰው ወደ እኔ መስኮት መጥቶ «ሲአርፒዬን የሚያወርድ መድኃኒት ስጡኝ» ይላል። ጥሩንባውን ቀምታችሁ ብትሰብሩት የሞተው ሰው ይነሳል?

ሶስተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ብዙ ቦታ የሚሠራው ምርመራ በሰሌዳ ላይ የሚሠራው ነው። ደማችሁን በማሽን አሽከረክራለሁ፤ ሴረሙ ከላይ ይጠልላል። አንድ ጠብታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አኖራለሁ። ከጎኑ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ አንድ ጠብታ እጨምራለሁ። በዚያ ነጭ ፈሳሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ። ሲአርፒ ሲያገኙ በእሱ አማካይነት ይያያዛሉ። በስንጥር አዋህጄ ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ ሁለት ደቂቃ አወዛውዛለሁ። እንደ ወተት ለስልሶ ከቀረ ኔጋቲቭ። እንደ አይብ ከተፈረፈረ ፖዘቲቭ። በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ ይፈረፈራል። እንግዲህ ፖዘቲቭ ማለት ይኼ ነው። 7 ያለውም ፖዘቲቭ ነው፤ 300 ያለውም ፖዘቲቭ ነው። ጉንፋን የያዘውና ለሞት የተቃረበው አንድ ቃል ይጻፍላቸዋል። ይህ ልክ ነው?

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ከወለደች አምስት ቀን የሆናት እናት መጣች። ትንቀጠቀጣለች። ገላዋ እሳት ነው። ሴረሟን ሠራሁት፤ ሰሌዳው ላይ እንደ ወተት ለሰለሰ። ኔጋቲቭ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቻለሁ። ከጎኔ የነበሩት አንድ ጋሼ ሰሌዳውን አዩና ሴትየዋን አዩ። «ይህች ልጅ እንዲህ ሆና ኔጋቲቭ አይሆንም። በጨው ውሃ አቅጥኚና ድገሚው» አሉኝ። አሥር እጥፍ አቀጠንኩት። ወዲያው ተፈረፈረ! ፕሮቲኑ ከመብዛቱ የተነሳ እያንዳንዷን ፍሬ ለየብቻ ሸፍኗት እርስ በርስ እንዳይያያዙ ከልክሏቸው ነበር። ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ያቺ እናት ከሳምንት በኋላ ልጇን ታቅፋ ስትወጣ በመስኮቴ አየኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን ከሰውየው ነጥዬ አላነብም። እናንተም አታንብቡት።

በቁጥር የሚሰጥ ቦታ ካገኛችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ነው። እስከ 10 ድረስ ብዙም አያስደነግጥም። ጉንፋንና የመሳሰለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ነው የሚጨምረው። ከ100 ሲያልፍ ከባድ የባክቴሪያ ሕመም በብዛት ይጠረጠራል። ይጠረጠራል ነው ያልኩት! ሸዋ ሮቢት ወርዶ ወባ ይዞት የመጣ ሰውም ይጨምርበታል። ከበቅሎ ወድቆ እግሩን የሰበረም፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ይጨምርበታል።

ከአንድ ቁጥር ደግሞ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ዛሬ 160፣ ከነገ ወዲያ 40 ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ዛሬ 160፣ ከነገ ወዲያ 190 ከሆነ አንድ ነገር ተስቷል። ያ 19 ሰዓት ለዚህ ነው የሚጠቅመን። ስለዚህ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ቀኑ ይጻፍበት።

ስለ አንቲባዮቲክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ደሜ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ አሉኝ» ብሎ አሞክሳሲሊን ገዝቶ የሚውጥ ስንት ሰው አለ? ቬትናም ውስጥ 2 ሺህ ገደማ ጉንፋንና ሳል ያመማቸው ሰዎች ላይ ጥናት ተሠርቶ በ2016 ወጥቷል። ሲአርፒ በቁጥር ሳይለካ ከ100 ሰው 78ቱ አንቲባዮቲክ ወሰዱ። ሲለካ ወደ 64 ወረደ። የጎዳቸው ነገር የለም። ዝቅ ያለ ሲአርፒ «ተረጋጋ፣ ጠብቅ» ለማለት ድፍረት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2021 ጀምሮ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ለቲቢ በቅድሚያ ሲለዩ ሲአርፒን መጠቀም እንደሚቻል መክሯል፤ ከ5 በላይ ከሆነ አክታው ይመርመር ይላል። አያችሁ? ጥሩንባው «ውጡና እዩ» አለ እንጂ «ቲቢ ነው» አላለም።

የመንዙን አባት ታሪክ ልጨርስላችሁ። ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። አፋቸውን አስከፈታቸው። ታች መንጋጋቸው ላይ ሥሩ ያመረቀዘ ጥርስ ነበር። «ያማል እንዴ?» ሲባሉ «ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጥርስ ማንን ገደለ ብዬ ነው» አሉ። ተነቀለ፤ ተጠረገ። ከሶስት ሳምንት በኋላ መጡ። ሠራሁት። ሰሌዳው ላይ እንደ ወተት ለሰለሰ። ጠርቼ አሳየኋቸው። ብዙ ቆይተው «እና ለልጆቼ ምንም አልነግራቸውም በቃ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ለመናገር ይከብደኛል፣ ግን እናገራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ 11 ዓመቱ ነበር። ጉሮሮውን አመመው። «ቶንሲል ነው» ተባለ፤ በጨውና በሞቀ ውሃ ተጉመጠመጠ፤ ተሻለው። ሶስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ። ጉልበቱ ሲለቀው ቁርጭምጭሚቱ ተነሳ። ከዚያ ክርኑ። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ይዘላል። ሌሊት አንሶላው ሲነካው ይጮሃል። እናቴ በቅቤ አሸችው። «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ተባለ። አንድ ጤና ተቋም ወሰድነው። ዳበሱት፣ የሕመም ማስታገሻ ሰጡት፣ «ልጅ ሲያድግ እንዲህ ይለዋል» ብለው መለሱን። ደሙ አልታየም።

ያን ቀን ደሙ ቢታይ ኖሮ ሲአርፒው ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ሕመሙ ሩማቲክ ፊቨር ነበር፤ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ሲአርፒ «ሩማቲክ ፊቨር ነው» አይልም። ብርድ አይደለም ግን ይል ነበር። ብርድ ሲአርፒን እንደዚያ አያወጣውማ! የሩማቲክ ፊቨር መለያ መስፈርቶች ውስጥ ሲአርፒ 30ና ከዚያ በላይ መሆኑ እንደ አንድ ንዑስ ምልክት ይቆጠራል። ስሙን የሚናገሩ ሌሎች ምርመራዎች አሉ፤ የጉሮሮዋን ባክቴሪያ ዱካ የሚያሳየው ኤኤስኦ አንዱ ነው። ግን ጥሩንባውን ያልሰማ ሰው ስሙን ለመጠየቅ አይወጣም። እኛ አልሰማንም። ወንድሜ 19 ዓመቱ ላይ ጣርማ በር አካባቢ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው፤ ተቀመጠ፤ መነሳት አቃተው። የልቡ በር ጠቧል ተባልን። ዛሬ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ቀኑን የማስታውስለት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ ይጮሃል፣ እደውልለታለሁ፣ «ተወጋሁ» ይለኛል።

ሰዓቴ አልቋል፣ እያሳዩኝ ነው። የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ እቀመጣለሁ። ቀን የተጻፈበትን አስቀድማችሁ አውጡ። ጉሮሮውን አሞት ከሰነበተ በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ እቤቱ ያለ ሰው ግን ሰልፍ አይጠብቅ። መጀመሪያ እሱ ይምጣ።